በቁማር ገበታ ዙሪያ፤ የተቆጣጣሪው ዓይንና የተጫዋቹ ክብር

ቁማር በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ዕድሜው ረዥም ነው። ቁማርን እንደ ፋብሪካ ሥራ በፈረቃ፣ በሒሳብ መዝገብና በዕዝ ሰንሰለት አደራጅቶ ሌሊትና ቀን የሚያካሂደው ዘመናዊው ካዚኖ ግን የቅርብ ጊዜ ፍጥረት ነው። በሰሜን አሜሪካ የኔቫዳ ክፍለ ግዛት ቁማርን በሰፊው በሕግ የፈቀደችው በ1931 ነው። የኒው ጀርሲ ሕዝብ ደግሞ በ1976 በሰጠው ድምፅ ለአትላንቲክ ሲቲ ከተማ ብቻ ፈቅዶ፣ የመጀመሪያው ካዚኖ ሪዞርትስ ኢንተርናሽናል በ1978 በሩን ከፍቷል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንጠይቃለን።

ስለ እነዚህ ቤቶች እስከ ዛሬ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ ግን የሚያወሳው በአንድ ሌሊት ስለ ከበሩትና በአንድ ሌሊት ስለ ደኸዩት ተጫዋቾች ነው። በገበታው አጠገብ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ስለሚቆመው፣ ካርታም ስለማያድለው፣ ገንዘብም ስለማይመድበው፣ ነገር ግን አንዱን እንግዳ አክብሮ ሌላውን ከበር ስለሚመልሰው ሰው የተጻፈው ጥቂት ነው። ይህ ሰው የገበታ ጨዋታ ተቆጣጣሪ ይባላል። ተጫዋቹን የሚያስተናግደው በምን ዓይነት ሚዛን ነው? ፈገግታው ከምን ይመነጫል? ቁጣውስ? የዛሬው ጽሑፋችን እነዚህን ጥያቄዎች ለመመርመር ይሞክራል።

ከገበታው በስተጀርባ

በካዚኖ አዳራሽ ውስጥ የጨዋታ ገበታዎች እንደ አጥር ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። በመካከላቸው የሚቀረው ስፍራ «ፒት» ይባላል፤ ጉድጓድ እንደ ማለት ነው። ተጫዋች ወደዚህ ስፍራ ዘልቆ እንዲገባ አይፈቀድለትም። ከገበታው ኋላ ቆሞ ካርታ የሚበውዘውና የሚያድለው ሠራተኛ አዳይ ነው። ከአዳዩ ኋላ ጥቂት ገበታዎችን ባንድነት የሚጠብቅ የወለል ተቆጣጣሪ ይቆማል። ከእርሱ በላይ የፒቱ አለቃ፣ ከአለቃውም በላይ የፈረቃው ሥራ አስኪያጅ አለ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጣሪያው ላይ በተተከሉት ካሜራዎች አማካይነት ተጫዋቹንም፣ አዳዩንም፣ ተቆጣጣሪውንም ራሱን የሚመለከት የክትትል ክፍል ተቀምጧል። ሠራተኞቹ ይህን ክፍል «የሰማይ ዓይን» ይሉታል።

የውትድርናን ሕይወት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አደረጃጀት እንግዳ አይሆንበትም። ዘቡን የዘብ አዛዥ ይመለከተዋል፤ የዘብ አዛዡን ተረኛው መኮንን ይመለከተዋል፤ ተረኛውንም መኮንን ሳያስታውቅ የሚመጣ ተመልካች አለበት። ልዩነቱ አንድ ነው። ዘብ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣውን ጠላት ሲሆን፣ የካዚኖ ተቆጣጣሪ ግን የሚጠብቀው ገና በበሩ ሲገባ «እንኳን ደኅና መጡ» ያለውን የገዛ እንግዳውን ነው።

የተቆጣጣሪው የመጀመሪያ ተግባር ገንዘብን መጠበቅ ነው። ተጫዋቹ 100 ዶላር ሲያቀርብ አዳዩ ገንዘቡን በገበታው ጨርቅ ላይ ዘርግቶ ለካሜራው ያሳያል፤ መጠኑንም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ ተቆጣጣሪውም መስማቱን ያረጋግጣል። ቺፕ የሚባለው መጫወቻ ለተጫዋቹ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። ገበታው ቺፕ ሲያንሰው ከገንዘብ ክፍሉ በጥበቃ ታጅቦ ይመጣል፤ በደረሰኙ ላይ ከሚፈርሙት አንዱ ይኸው ተቆጣጣሪ ነው። አዳዩም ተረኝነቱን ጨርሶ ከገበታው ሲለቅ ሁለት እጆቹን አጨብጭቦ መዳፉን ገልብጦ ያሳያል። በእጄ የደበቅሁት የለም ማለቱ ነው።

ሁለተኛው ተግባር ዳኝነት ነው። ተጫዋቹ «ተሳስተህ ከፈልኸኝ» ሲል፣ አዳዩም «አልተሳሳትሁም» ሲል የመጀመሪያው ዳኛ ተቆጣጣሪው ይሆናል። ሥራውን የሚያውቅ ተቆጣጣሪ በዚህ ጊዜ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ካርታዎቹ ካሉበት እንዳይነሡ ያዛል፤ አስቀድሞ አዳዩን፣ ቀጥሎም ተጫዋቹን በእርጋታ ያዳምጣል። የወጡትን ካርታዎች በቅደም ተከተላቸው መልሶ ይዘረጋል። ይህም ካልበቃ ወደ ክትትል ክፍሉ ስልክ ደውሎ የካሜራውን ምስል ያስመረምራል። የኔቫዳ ሕግ በዚህ ረገድ ለተጫዋቹ ዋስትና ሰጥቶታል። ክርክሩ 500 ዶላርና ከዚያ በላይ ሆኖ በስምምነት ካላለቀ፣ ካዚኖው ለክፍለ ግዛቱ የቁማር ተቆጣጣሪ ቦርድ ወዲያውኑ ማስታወቅ አለበት። ከ500 ዶላር በታችም ቢሆን ተጫዋቹ ምርመራ የመጠየቅ መብት እንዳለው ሊነገረው ይገባል። ይህን መብት የሚያውቅ እንግዳ ስንቱ ነው? ሳይጠየቅ የሚነግረው ተቆጣጣሪ ግን ለሙያው የታመነ ሰው ነው።

የመስተንግዶው ሒሳብ

አንድ እንግዳ በገበታው ተቀምጦ ጥቂት እንደ ተጫወተ ተቆጣጣሪው ቀረብ ብሎ በትሕትና ስሙን ይጠይቀዋል። እንግዳው ይደሰታል፤ ሰው መሆኑ ታውቆለታልና። ተቆጣጣሪው ግን ወደ መዝገቡ ተመልሶ ሌላ ነገር ያሰፍራል። የተቀመጠበት ሰዓት፣ በአማካይ የሚመድበው ገንዘብ፣ የአጨዋወቱ ደረጃ ይጻፋል። ሲነሣም የተነሣበት ሰዓት ይመዘገባል።

ሒሳቡ እንደሚከተለው ነው። አንድ ሰው በብላክጃክ ገበታ በአማካይ 25 ዶላር እየመደበ፣ በሰዓት 70 ጊዜ ካርታ ቢታደለውና 4 ሰዓት ቢጫወት በጠቅላላው የመደበው 7,000 ዶላር ይሆናል። በአጨዋወቱ ጉድለት የተነሣ የቤቱ ብልጫ ከመቶ 2 ነው ተብሎ ቢገመት፣ ቤቱ ከዚህ ሰው የሚጠብቀው ትርፍ 140 ዶላር ነው። ሰውየው በዚያ ሌሊት በዕድሉ 300 ዶላር በልቶ ቢሄድ እንኳ በመዝገቡ ላይ የሚቀመጠው ይኸው የ140 ዶላር ግምት ነው። የዛሬውን ዕድል ነገ ጊዜ ያስተካክለዋል ተብሎ ይታመናልና። ከዚህ ግምት ላይ ከፊሉ ተቀንሶ በእራት፣ በመኝታ ክፍል ወይም በትርኢት መግቢያ ወረቀት መልክ ለእንግዳው ይመለስለታል። «ዛሬ እራትዎ በእኛ ነው» ሲባል ተጋባዡ ግብዣ የተቀበለ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ገና ያልከፈለው ገንዘቡ አስቀድሞ ተመንዝሮለት ነው። አበው «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የቤቱ ብልጫ የሚመነጨው ከካርታ ማጭበርበር አይደለም፤ በግልጽ ከተጻፈው ደንብ ነው። በአሜሪካው ሩሌት ላይ 38 ቁጥሮች አሉ፤ በትክክል የገመተ ሰው ግን የሚከፈለው አንድ ለ35 ነው። ልዩነቱ ለቤቱ ከመቶ 5.26 ይተወዋል። በአውሮፓው ሩሌት ቁጥሮቹ 37 በመሆናቸው የቤቱ ብልጫ ወደ 2.70 ዝቅ ይላል። ብላክጃክን ደንቡን ጠንቅቆ የሚጫወት ሰው የቤቱን ብልጫ ወደ ግማሽ ከመቶ ገደማ ሊያወርደው ይችላል። ይሁን እንጂ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ብዙ ቤቶች በሁለት ካርታ 21 ለሞላ ተጫዋች በ10 ዶላር መደብ ይከፍሉት የነበረውን 15 ዶላር ወደ 12 ዶላር ዝቅ አድርገውታል። ደንቡ በገበታው ጨርቅ ላይ ታትሟል፤ የተደበቀ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ተቆጣጣሪው የእንግዳውን ስም፣ የሚወደውን መጠጥና የልደቱን ቀን አስታውሶ ሲነግረው፣ ይህችን የሦስት ዶላር ልዩነት ሲያስታውሰው አይሰማም።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛኑን እንዳይስት እንጠንቀቅ። የተቆጣጣሪው ትሕትና ሁሉ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ እንግዳን በእኩል ዓይን የሚያዩ፣ የ10 ዶላሩንም የ10,000 ዶላሩንም ተጫዋች ክርክር በአንድ ሕግ የሚዳኙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ትሕትናው በመዝገብ የሚለካ መሆኑን ተጫዋቹ ካላወቀ፣ የተሰጠውን ክብር ከራሱ ማንነት ጋር ያምታታዋል። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ክብሩም አብሮ እንደሚያልቅ የሚረዳው ያኔ ነው።

የሚያስብ እንግዳ ሲመጣ

ተቆጣጣሪው ከሁሉ ይበልጥ የሚፈተነው ቤቱን በእውቀቱ ሊያሸንፍ የሚችል ተጫዋች ሲገጥመው ነው። ኤድዋርድ ቶርፕ የተባለው አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በብላክጃክ ጨዋታ የወጡትን ካርታዎች በልቡ የሚከታተል ሰው ብልጫውን ከቤቱ ወደ ራሱ ሊያዞር እንደሚችል በስሌት አስረዳ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከእሽጉ ውስጥ የቀሩት ካርታዎች በአስርና በአስ የበለጸጉ ሲሆኑ ዕድሉ ወደ ተጫዋቹ ያዘነብላል። ተጫዋቹም በዚያን ጊዜ መደቡን ከፍ ያደርጋል፤ ትናንሾቹ ካርታዎች ሲበዙ ዝቅ ያደርገዋል። በ1964 የላስ ቬጋስ ካዚኖዎች ደንቡን አጥብቀው ለወጡ። ነገር ግን ተራው ተጫዋች ጭምር ከገበታው ስለ ሸሸባቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ተገደዱ። ደንቡን መለወጥ ካላዋጣ የቀረው መንገድ ሰውየውን መለየት ነበር፤ ይህም ለተቆጣጣሪው ተሰጠ።

ስለዚህ ተቆጣጣሪው የተጫዋቹን መደብ መውጣትና መውረድ ከወጡት ካርታዎች ጋር ያስተያያል። ዓይኑ ወዴት እንደሚመለከት፣ ከንፈሩ እንደሚንቀሳቀስ፣ በሌላ ገበታ ከተቀመጠ ሰው ጋር ምልክት እንደሚለዋወጥ ይከታተላል። ጥርጣሬው ሲጠና ለክትትል ክፍሉ ያስታውቃል። ማረጋገጫው ሲመጣ ወደ ተጫዋቹ ጠጋ ብሎ፣ ብዙ ጊዜ በጨዋ አንደበት፣ ጨዋታዎ ለእኛ ይከብደናል፤ ከብላክጃክ በስተቀር የፈለጉትን ይጫወቱ ይለዋል። አንዳንዱ ቤት መደቡን ሳይለዋውጥ እንዲጫወት ብቻ ይፈቅድለታል። ሌላው ደግሞ ግቢውን ለቆ እንዲወጣና ዳግም ቢመለስ በሕግ እንደሚጠየቅ ያነብለታል።

የኔቫዳ ሕግ በሁለቱም ወገን መሥመር አስምሯል። በልብ መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ ለመቁጠር የሚረዳ መሣሪያ መጠቀም ግን ከ1985 ጀምሮ ወንጀል ነው። ካዚኖው የግል ይዞታ በመሆኑ ቆጣሪውን ሊያስወጣው ይችላል። ይዞ ሊያቆየው የሚችለው ግን በጨዋታው ውስጥ ወንጀል ፈጽሟል ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው። ሰውን ከቤት ማስወጣትና ሰውን ወደ ኋላ ክፍል ወስዶ ማገት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የዘነጉ ሠራተኞች ቤቶቻቸውን ለፍርድ ቤት ክስ ዳርገዋል። የቆጣሪዎችን ፎቶግራፍ ሰብስቦ ለካዚኖዎች በክፍያ ያሠራጭ የነበረው ግሪፊን የተባለው የምርመራ ድርጅትም፣ ስማችንን ከአጭበርባሪ ጋር አዳበለ ብለው በከሰሱት ተጫዋቾች ተረትቶ በ2005 የኪሳራ ጥበቃ ጠይቋል።

በኒው ጀርሲ ነገሩ ከዚህ የተለየ መልክ ያዘ። ኬን አስተን የቀድሞ የአክሲዮን ገበያ ባለሥልጣን ነበር። ካርታ በመቁጠሩ ምክንያት በ1979 ከሪዞርትስ ኢንተርናሽናል እንዲወጣ ሲደረግ ክስ መሠረተ። የክፍለ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ፣ በሩን ለሕዝብ የከፈተ ቤት ያለ በቂ ምክንያት ሰውን መለየት እንደማይችልና ቆጣሪን የማስወጣትን ጉዳይ የሚወስን ሥልጣን ካለ የካዚኖ ተቆጣጣሪ ኮሚሽኑ እንጂ ካዚኖው እንዳልሆነ ወሰነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የአትላንቲክ ሲቲ ተቆጣጣሪ ነገር «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፤ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የተባለው ሆነ። ቆጣሪውን ማስወጣት አይችልም፤ ዝም ብሎ ማየትም አይችልም። ስለሆነም እሽጉን ቶሎ ቶሎ ማስበወዝ፣ የእሽጎቹን ቁጥር ማብዛት፣ የመደቡን ጣራ ዝቅ ማድረግ ዋነኛ መሣሪያዎቹ ሆኑ። ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ክፍለ ግዛቶች ያሉት በአንድ አገር ነው፤ ጨዋታውም አንድ ነው። የተቆጣጣሪው አያያዝ የተለየው የሰውየው ጠባይ ስለ ተለየ ሳይሆን ሕጉ ስለ ተለየ ነው።

በቀለም የተከለከለ ወንበር

ቆጣሪው ከበር የሚመለሰው በሚሠራው ሥራ ነው። በሚሠራው ሳይሆን በተፈጠረበት መልክ ከበር የተመለሰ ሰው የነበረበት ዘመንም ነበር። በ1950ዎቹ ዓመታት በላስ ቬጋስ ታላላቅ ሆቴሎች ውስጥ ጥቁር አሜሪካውያን በገበታ ተቀምጠው እንዲጫወቱ አይፈቀድላቸውም ነበር። እንደ ናት ኪንግ ኮል ያሉ ስመ ጥር ድምፃውያን በመድረኩ ላይ ዘፍነው አዳራሹን ሲያስጨበጭቡ ያመሹና፣ ሌሊቱን ግን በዚያው ሆቴል የማያድሩበት ጊዜ ነበር። ጥቁሮች የሚኖሩት ዌስት ሳይድ በሚባለው ሰፈር ነበር። በ1955 ሙላን ሩዥ የተባለ ጥቁርና ነጭን በእኩል የሚያስተናግድ ሆቴልና ካዚኖ ተከፈተ፤ ዓመት ሳይሞላውም ተዘጋ።

በመጋቢት 1960 የጥቁሮች መብት ማኅበር መሪዎች በከተማዋ ዋና ጎዳና ላይ ሰልፍ እንደሚያደርጉ አስታወቁ። በዚያው በተዘጋው ሙላን ሩዥ ሆቴል ውስጥ በተደረገ ድርድርም የካዚኖዎቹ በር እንዲከፈት ስምምነት ላይ ተደረሰ። በገበታ ተቀምጦ መጫወት ሲፈቀድ በገበታው ኋላ ቆሞ መሥራት ግን ገና ነበር። ካዚኖዎቹ ጥቁሮችን ለተሻለ ሥራ ለመቅጠር በፍርድ ቤት ፊት ግዴታ የገቡት በ1971 ነው።

በወረቀት የተጻፈ ሕግ በአንድ ቀን የሰውን ልማድ አይለውጥም። በ1991 የኒው ጀርሲ የካዚኖ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በአትላንቲክ ሲቲ የሚገኘውን የትራምፕ ፕላዛ ካዚኖ 200,000 ዶላር ቀጥቶታል። ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ የሚመድብ አንድ ተጫዋችን ለማስደሰት ሲባል ጥቁርና ሴት አዳዮች ከገበታው እንዲነሡ መደረጋቸው ነበር። እዚህ ላይ ነገሩን ከአዳዮቹ ወገን እንመልከተው። አዳዩ ሥራውን አላጠፋም፤ ካርታም አልተሳሳተም። አለቃው መጥቶ በሌላ ሰው ተካው፤ ሁሉም ለምን እንደሆነ ያውቃል። እንግዳን ማክበር የሥራ ባልደረባን እስከ ማዋረድ ሲደርስ መስተንግዶ መሆኑ ይቀራል።

እሺ ባይነት ዋጋ ሲያስከፍል

ለባለ ብዙ ገንዘብ እንግዳ ሁሉን እሺ ማለት ቤቱን ራሱን እንደሚጎዳው የሚያሳይ ሌላ ጉዳይ አለ። ፊል አይቪ የተባለው እውቅ የካርታ ተጫዋች በ2012 በአትላንቲክ ሲቲ ቦርጋታ ካዚኖ ባካራ ለመጫወት ሲመጣ ጥቂት ልመናዎች አቀረበ። ለብቻው የተከለለ ስፍራ፣ የቻይንኛ ቋንቋ የሚናገር አዳይ፣ አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ካርታዎችና በመሣሪያ የሚደረግ ብወዛ ጠየቀ። ቤቱም ሁሉንም ፈቀደ። ከእርሱ ጋር የተቀመጠችው ጓደኛው የካርታዎቹ ጀርባ በአቆራረጥ ጉድለት ምክንያት በሁለቱ ጠርዞች እኩል አለመሆኑን ለይታ ታውቅ ነበር። ስለዚህ አዳዩ ጠቃሚዎቹን ካርታዎች አዙሮ እንዲያስቀምጥ በየጊዜው ትጠይቅ ነበር። አዳዩም የባለጸጋ እንግዳ አምልኮ መስሎት ያዞራል። ተቆጣጣሪዎቹም ይመለከቱ ነበር። አይቪ በተለያዩ ጉብኝቶች 9.6 ሚሊዮን ዶላር በልቶ ሄደ።

በዚያው ዓመት በለንደን ክሮክፎርድስ ካዚኖ በተመሳሳይ ዘዴ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ሲያሸንፍ ቤቱ አልከፍልም አለ። የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም በ2017 ድርጊቱ ማጭበርበር ነው ሲል ለካዚኖው ፈረደ። የኒው ጀርሲው ዳኛ በበኩላቸው በ2016 አይቪ የጨዋታውን ግዴታ ጥሷል ብለው 10.1 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አዘዙ፤ ጉዳዩም በ2020 በስምምነት ተዘጋ። ፍርዱ ለቤቱ ቢሆንም የተቆጣጣሪው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። አንድ የ10 ዶላር ተጫዋች «ይህን ካርታ አዙርልኝ» ቢል ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ዓይኑ የተሸፈነው በእንግዳው ብልጠት ብቻ አልነበረም፤ ከእንግዳው ይገኛል ተብሎ በተጠበቀው ትርፍ ጭምር ነው።

ሰክሮ የተቀመጠ ሰው

ከሁሉም የከፋው ጥያቄ የሚነሣው ተጫዋቹ ራሱን መግዛት ባቃተው ጊዜ ነው። በካዚኖ ውስጥ ለሚጫወት ሰው መጠጥ በነጻ የሚቀርብበት ቤት ብዙ ነው። በሌላ በኩል የኔቫዳ ደንብ በግልጽ የሰከረን ሰው እንዲጫወት መፍቀድን ይከለክላል። በነጻ የሚቀዳውን ብርጭቆና ደንቡን የሚያስታርቀው ማን ነው? ተቆጣጣሪው ነው። የሰውየውን ምላስ መተሳሰር፣ የእጁን መንቀጥቀጥ፣ ካርታውን ሳያይ መደቡን መግፋት በቅርብ የሚመለከተው እርሱ ነውና።

በ2007 ከነብራስካ የመጣ አንድ ባለጸጋ ነጋዴ በላስ ቬጋስ ሁለት እኅትማማች ካዚኖዎች ውስጥ ወደ 127 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ተበላ በጋዜጦች በሰፊው ተዘግቧል። ነጋዴው ሰክሬ ሳለሁ ሠራተኞቹ እያዩ እንድጫወት ተደርጌአለሁ ሲል፣ ካዚኖው ደግሞ ኃላፊነቱ የራሱ የተጫዋቹ ነው ሲል ተከራክሯል። ሙግቱ በ2010 በስምምነት አለቀ። ማንም ይርታ ማን፣ በእነዚያ ሌሊቶች በገበታው ዙሪያ ብዙ ዓይኖች ነበሩ። እያንዳንዱ ዓይን ያየው ነገር ነበር፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በዚህ ጉዳይ ላይ ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ሰው አይደለም። ከጦር ትምህርት ቤት ተመርቆ በመጀመሪያ በተመደበበት ሰፈር ተረኛ መኮንን በነበረበት አንድ የደመወዝ ምሽት፣ ከወታደሮች ማደሪያ ውስጥ ሳቅና የካርታ ድምፅ ይሰማ ነበር። በበሩ ሲያልፍ አንድ ወጣት ወታደር የወር ደመወዙን የመጨረሻ ብሮች ሲያስቀምጥ አየ። የጦር መሣሪያው ቁጥር ሙሉ ነበር፤ ዘቡም በስፍራው ነበር። በመዝገቡ ላይ «ሁሉም ደኅና» ብሎ ጽፎ አለፈ። በማግሥቱ ያው ወታደር ለእናቱ የሚልከው ገንዘብ አጥቶ ብድር ሊጠይቅ በቢሮው ደጃፍ ቆሞ አገኘው። የተጻፈው ሪፖርት ሐሰት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ይህን መሳዩን ችግር በሕግ ለመፍታት የሞከሩ አገሮች አሉ። የሚዙሪ ክፍለ ግዛት በ1996 ቁማር ያስቸገረው ሰው ስሙን በገዛ ፈቃዱ አስመዝግቦ ከካዚኖ እንዲታገድ የሚያስችል ሥርዓት አቋቁማለች። ሲንጋፖር በ2010 ካዚኖዎቿን ስትከፍት የገዛ ዜጎቿና ቋሚ ነዋሪዎቿ ለመግባት በቀን 100 የሲንጋፖር ዶላር እንዲከፍሉ ደንግጋ፣ ክፍያውን በ2019 ወደ 150 ከፍ አድርጋዋለች። ከዚህም በላይ ቤተ ዘመድ አባሉ በቁማር መጎዳቱን አስረድቶ እንዲታገድለት ማመልከት ይችላል። የዚህ ሥርዓት ጥቅሙ ተቆጣጣሪው «አይግቡ» ሲል የራሱን ጭካኔ ሳይሆን የሚስትን፣ የእናትን ወይም የተጫዋቹን የራሱን ቃል እንዲያስፈጽም ማድረጉ ነው።

ወገኖቻችን በገበታው በሁለቱም ወገን

ይህ ነገር ከእኛ የራቀ የባዕድ አገር ወሬ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በላስ ቬጋስ ከተማና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በ2023 የአካባቢው አስተዳደር አንዱን ሰፈር በስማቸው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ እስከ መሰየም ደርሷል። ከእነዚህ ወገኖቻችን ታክሲ የሚነዱ፣ በሆቴል የሚሠሩ፣ በካዚኖ ገበታም ካርታ የሚያድሉ አሉ። የአዳይ መደበኛ ደመወዝ በአብዛኛው ዝቅተኛ ሲሆን ኑሮው የሚደገፈው ከተጫዋች በሚገኝ ጉርሻ ነው። የተበላ ተጫዋች ንዴቱን የሚወጣው በአዳዩ ላይ ነው፤ ካርታውን የመረጠለት እርሱ ይመስለዋልና። በዚህን ጊዜ ተቆጣጣሪው ጣልቃ ገብቶ «ጌታዬ፣ ሠራተኛዬን አይስደቡብኝ» ካለ ባልደረባውን ጠብቋል። ገንዘቡን አስቦ ዝም ካለ ደግሞ ስድቡን አጽድቋል።

በገበታው ፊት ለፊት የሚቀመጡም ወገኖች አሉ። ከፈረቃ ወጥቶ ወደ ቤቱ ከመሄዱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ብቻ የሚል፣ ለአገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ በኪሱ የያዘ ሰው ይኖራል። ተቆጣጣሪው ስሙን ሲጠይቀው ከላይ ያሰላነውን የ140 ዶላር ሒሳብ ቢያስታውስ ለቤተሰቡ ይበጀዋል።

በመደምደሚያው፣ የገበታ ተቆጣጣሪ ክፉ ሰው ነው ለማለት ይህን አልጻፍንም። ተቆጣጣሪው ባለአደራ ነው። ጥያቄው አደራው የማን ነው የሚለው ነው። የቤቱ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን በመጠበቁ ግዴታውን ፈጽሟል። ከገበታው ወዲያና ወዲህ ያሉት ሰዎች አደራም አለበት ከተባለ ግን ክርክርን በእኩል መዳኘት፣ ሰውን በመልኩ አለመለየት፣ ባልደረባን አለማዋረድና የሰከረን ሰው «ዛሬ ይበቃዎታል» ብሎ ማስነሣት የሥራው ክፍል ናቸው። ሕግ ይህን ባዘዘበት ስፍራ ተቆጣጣሪዎች ሲፈጽሙት ታይቷል። ሕግ ባላዘዘበት ደግሞ ውሳኔው የሚቀረው በገበታው አጠገብ ለቆመው አንድ ሰው ነው። ያ ሰው ሌሊቱ ሲያልቅ በመዝገቡ ላይ «ሁሉም ደኅና» ብሎ ከመፈረሙ በፊት፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ዞር ብሎ ቢመለከት መልካም ነው።